እጅ መስጠት

አማቴ ኦርቪል፣ የመጋዝ ቤት ሰው፣
አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ የሞረደው፤
የሰው እንዳይመስላችሁ፤ የብረት መንጋጋ፣
ጥድ ሲያኝክ የሚያመሽ፣ ጥድ ሲያኝክ የሚያነጋ።
ፋብሪካው ሲዘጋ በዳርቢ ከተማ፣
ጢሱ ሲቋረጥ፣ ፉጨቱ ላይሰማ፣
ሌላው ኬኩን በልቶ፣ ተቃቅፎ ሲላቀስ፣
እሱ ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጋራዡ ሲመለስ
አንድ ነገር አስቦ ነበር።

ሚስቱ አርዲስ "በቃ፣ ዓሣህን አጥምድ" ብትለው፣
"ሽጉጥ ልሠራ ነው" አላት፣
"ዳቦ ልገዛ ነው" እንደሚል ሰው።
"ሱቁ ሞልቶ የለም?"
"የሱቁ የሱቅ ነው፤
የእጄን ልክ የሚያውቅ የእጄ ሞረድ ነው።"

የሞንታና ክረምት መሬት ላይ ሲተኛ፣
በረዶው ሲቆለል እንደ ቤት ሁለተኛ፣
ጋራዡ ውስጥ ግን አንድ አምፖል ይበራል፤
ሞርሳው አፉን ገጥሞ ብረት ነክሶ ያድራል።
ይሞርዳል። እፍ ይላል። ወደ ዓይኑ ያስጠጋል።
ጥቁር ቀለም ቀብቶ ያጋባል፣ ያፋታል።
ቀለሙ የለቀቀው፣ እሱ ነው ጠበኛው፤
በሞረዱ ጫፍ ላይ ላስ አድርጎ አስተኛው።
"ፀጉር ለአራት ብትሰነጥቂ" ይለኛል፣
"አንዷ ስንጣሪ ለዚህ ትበዛለች።"

የመጀመሪያው አካል ተበላሽቷል።
አንድ የችኮላ ከሰዓት፣ አንድ ጥግ፣ አለቀ።
አልተራገመም።
ዛሬ የጋራዡን በር ነፋስ እንዳይወስደው
ደግፎ የያዘው ያ የከሸፈው ነው።

በሦስተኛው ክረምት፣ እራት ላይ፣
የኦርቪል ማንኪያ ከሳህኑ ጋር ያወራ ጀመር።
አርዲስ ሬድዮኑን ከፍ አደረገች።
እኔ ነርስ ነኝ፤ ያንን ቋንቋ አውቀዋለሁ፤
አውቄም፣ ድንቹን አቀበልኩ።

ብረቱ ሲጠብቅ እጁ እየላላ፣
አንዱ ሲሞላለት ሲጎድልበት ሌላ፣
ሐኪሙ ነገረው የበሽታውን ስም፣
ረጅም ስም ነበር፣ የሚያደናግር ስም።
ኦርቪል ግን "ልኩስ?" አለ፣ "ስንት ሺኛ ኢንች ነው?"
ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ።
ቀልድ አልነበረም።

የቀረው እጀታው ነበር።
የአርዲስ አባት የተከላት ፖም፣
ነፋስ የጣላት፣ ሁለት ዓመት ጣራ ሥር የደረቀች፣
ቀይ ጅማቷን ገልጣ ሞርሳው ላይ ተኛች።
እሑድ ጠራኝና፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
"እጅሽን ስጪኝ" አለኝ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ።
ለስላሳ ጭቃ ሰጥቶኝ "ጨብጪው" አለኝ።

"እኔ እኮ" አልኩት፣ "ተኩሼ አላውቅም፤
ጥይትን የማውቀው በወዲያኛው ጫፉ ነው፤
በሌሊት ፈረቃ፣ ከሰው ሥጋ ውስጥ ሲወጣ።"
"አውቃለሁ" አለ። "ለዚያ ነው።"

ሰባት እሑድ ፈጀ።
እሱ በቃል፣ እኔ በክንድ።
"አውራ ጣትሽ ሥር ገና ነው።" "አሁን በዛ።" "አቁሚ።"
እንጨቱ የፖም ሽታውን ተፋ፣
አቧራው ቅንድቡ ላይ ዐረፈ፣ አላራገፈውም።
አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላዋሰውን ሞረድ
ጨብጬው እንደያዝኩ ያወቅኩት በአራተኛው ሳምንት ነው።
ሰው በብዙ መንገድ እጁን ይሰጣል፤
ኦርቪል እንዲህ አድርጎ ነው።

ከጠጠር ማውጫው ጉድጓድ፣ ግንቦት መጨረሻ፣
አንድ ወረቀት ሰቀልን።
ተነፈስኩ። ምላጩን ሳብኩ። ተራራው መለሰ።
ጥይቷ ከኢላማው ዳር፣ ከታች በግራ፣
ወረቀቱን ልትስተው ምንም ያህል አልቀራትም።

ኦርቪል ወንበሩ ላይ እስኪያስለው ሳቀ።
"ሽጉጡ አልቋል" አለ። "ገና ያልተሞረድሽው አንቺ ነሽ።"

ማታ ማንኪያው ያወራል፣ እንደ ልማዱ።
አርዲስ ተነሥታ
ሬድዮኑን ዘጋችው።